ከምሳ በኋላ ሁለት ሰዓት

ኢሲድሮን የገደለው ሐብሐብ ነው። አያቴ ዶሮቴያ ይህን የነገረችን ፔኒስኮላ የምትባለው የስፔን የባሕር ዳር ከተማ በደረስን ማግስት፣ አሸዋው ላይ ከጃንጥላችን ሥር ሆነን ሩዙን በልተን እንደጨረስን ነው። ኢሲድሮ የአክስቷ ልጅ ነበር፤ ጤነኛ፣ ጉንጩ ቲማቲም የመሰለ ልጅ። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ግማሽ ሐብሐብ ገመጠና እየሮጠ ሄዶ ዱዌሮ ወንዝ ውስጥ ዘሎ ገባ።

«ከዚያስ?» አለ ታናሽ ወንድሜ ጎዮ።

«ከዚያማ ምን ከዚያ አለው? ሐብሐቡ ሆዱ ውስጥ ቀረ፤ እሱም ወንዙ ውስጥ ቀረ።»

ጎዮ በእጁ የያዘውን የሐብሐብ ቁራሽ ቀስ አድርጎ አሸዋ ውስጥ ቀበረው።

በእኛ አገር ከምሳ በኋላ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ውሃ ውስጥ እንደማይገባ የማያውቅ ልጅ የለም። ሌሎች ቤተሰቦች ግን የሚከለክሉት ልጆቻቸውን ብቻ ነው። አያቴ ሕጉን በአዋቂውም ላይ አወጀችው። አባቴ፣ እናቴ፣ እኔና ጎዮ ጃንጥላው ሥር ተደርድረን፣ ዓይናችንን ጨፍነን መተኛት ነበረብን። ዓይኑ የተከፈተ ሰው ሆዱ ሥራ ያቆማል ትለን ነበር። ይህን የሚል ሐኪም እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

እሷ ራሷ አትተኛም። ሐዘንተኛ ስለሆነች የምትበላው ለስሙ ነው፤ ስለዚህ የሚፈጭ ነገር የላትም። መቁጠሪያዋን ከኪሷ ታወጣና «እስክመለስ ማንም እንዳይነቃነቅ። ለሆዳችሁ ልጸልይላችሁ ነው» ብላ፣ ያን ጥቁር ቀሚሷን እየሰበሰበች፣ እያነከሰች፣ ዳገቱ ላይ ከአሮጌው ግንብ አጠገብ ወዳለችው ቤተ ክርስቲያን ታቀናለች።

እዚያ የደረስነው እንደ ሰው በቀጥታ መንገድ አልነበረም። አባቴ ፋውስቲኖ በመንደራችን የእርሻ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ነው፤ በዚያ ዓመት ትንሽ መኪና ገዛ። መኪና የገዛ ሰው ደግሞ አገሩን ማወቅ አለበት ብሎ አመነ። «ባሕሩ የትም አይሄድም» እያለ በየታሪካዊው ከተማ አወረደን። አያቴ በሚያማት ጉልበቷ የተነሳ ከፊት ትቀመጣለች፤ እኛ ሦስታችን ከኋላ፣ ጭናችን ከጋለው ወንበር ጋር ተጣብቆ፣ ስንወርድ ቆዳችን የሚላጥ እየመሰለን። አቪላ ላይ ለበረከት ተቆርጦ በመስታወት የተቀመጠውን የቅድስት ቴሬሳን ጣት አየን፤ ቀለበት ሳይቀር አላት። በሌላ ከተማ ጥርስ አየን። በሌላው ደግሞ አስጎብኚው፣ አንድ የእመቤታችን ሐውልት በደረቅ ነሐሴ ላብ ያልባት እንደነበር ነገረን። ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ከዚያ ሁሉ ካቴድራል ይዤ የወጣሁት አንድ ትምህርት ብቻ ነው፦ ቅዱስ ሰው እንደማንኛውም ሰው ይጀምራል፣ ከዚያ ያልበዋል፣ በመጨረሻም እየተቆራረጠ ለሕዝብ ይታደላል።

በየመንገዱ አባቴና እናቴ አያቴን ስለሚልኩባት ከተማ ስለ ፓሌንሲያ ያወራሉ።

«አባ ኤላዲዮ መስከረም ላይ ይጠብቃታል» ይላል አባቴ። «ክፍሏን ከጓዳው ጎን አዘጋጅቶላታል።»

«እሷን ጠይቀሃታል?» ትላለች እናቴ ማሪ ክሩስ።

«ምን ይጠየቃል? ባሏ የሞተባት ሴት ብቻዋን ቤት ዘግታ አትኖርም። ወንድሟ ቄስ ነው፤ የሚያበስልለት የለውም። ይጠቃቀማሉ።»

አያቴ እዚያው ፊት ወንበር ላይ ሆና፣ ሌላ ሰው የሚታማ ይመስል፣ በመስኮት ሜዳውን ታያለች። ቴሩዌል የምትባል ከተማ ውስጥ በፍቅር ሞተው አብረው የተቀበሩትን ጥንዶች ልናይ ስንሰለፍ ግን እጄን ጨበጥ አደረገችና በጆሮዬ «ቼሎዬ፣ እኔን ሳልሞት ሊቀብሩኝ ነው» አለችኝ። እኔ ደስ አለኝ። አስጎብኚው ጠዋት ስለ አንዲት መናኝ የነገረን ልክ እንዲህ ነበር፤ ከዓለም ተለይታ በሕይወት እያለች ተቀበረች፣ ከዚያም ቅድስት ሆነች። አያቴም ወደ ቄስ ቤት ልትገባ ነው። ነገሩ የገባኝ መሰለኝ። ያቺን ክፍል ካደግሁ በኋላ አይቻታለሁ። መስኮት የላትም።

ባሕሩን ያየን ጊዜ አያቴ እስከ ውሃው ጫፍ ሄዳ ቆመች። ባሏ፣ ወንድ አያቴ ሳቱርኒኖ፣ በሕይወት እያለ በየዓመቱ «ዘንድሮ ባሕር አሳይሻለሁ» ይላት ነበር፤ ሳያሳያት ሞተ። ማዕበሉ መጥቶ ጥቁር ጫማዋን ሸፈነው፤ ወደኋላ አላለችም።

«እማዬ፣ ጫማሽ! ደግሞ ሰው ያያል!» አለ አባቴ።

«ልክ ነህ» አለችና ተመለሰች። ፊቷ ተለዋውጦ ነበር። ባሕሩን ፈርታ ነው ብዬ አዘንኩላት።

ሰው ያያል ያለው ወይዘሮ ኡርሱላን ነው። የጎረቤት መንደር ሰው ናት፤ የኛው ዕጣ ሆኖ ጃንጥላዋን ከጎናችን ተከለች። በሁለቱ መንደሮች መካከል የሚመላለስ ወሬ ሁሉ በእሷ አፍ ነው የሚያልፈው። ያቺ ሴት አያቴን ባዶ እግሯን አየች ማለት፣ እኛ ሳንመለስ መንደራችን ሰምቶ አበቃ ማለት ነው። ስለዚህ አያቴ በነሐሴ ንዳድ በጥቁር ቀሚስ፣ በጥቁር ሻሽና እስከ ጭን በሚደርስ ጥቁር ካልሲ ተጠቅልላ ጃንጥላ ሥር ትቀመጣለች፤ ባዶ እግሯን የምትሆነው ካልሲዋን እጥፍ አድርጋ ለጸሎት ስትሄድ ብቻ ነው። ካልሲ ማውለቅ ለመናኝነት ነው ብላኛለች።

በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን አንድ ነገር አስተዋልኩ። አያቴ ከጸሎት ስትመለስ ከሻሿ ሥር ጸጉሯ ርሷል። በጠራራ ፀሐይ፣ ዝናብ በሌለበት! ፊቷ ያበራል። እጇን ስስማት ከንፈሬን ላስኩት፤ ጨው ነው። ያቺ ሐውልት ትዝ አለችኝ። ጎዮን ከሰው ዘወር አድርጌ «አያቴ ያልባት ጀምሯል» አልኩት።

«እኔንም ያልበኛል» አለ።

«ያንተ ላብ ይገማል። የሷ አይገማም። ሽታት።»

ሄዶ አሸተታት። «ሳርዲን ሳርዲን ትላለች» አለ። የመጀመሪያዎቹ ሐዋርያት ዓሣ አጥማጆች እንደነበሩ ነገርኩት፤ አመነ።

ከሁሉ የሚገርመው ግን ጉልበቷ ነው። ቤት ያከራየችን ቪሴንታ የምትባል፣ ባሏ ባሕር ላይ የቀረባት፣ መረብ የምትጠግን ሴት ነበረች። እሷና ሌሎች የወደቡ መበለቶችም ከምሳ በኋላ ጥቁራቸውን ለብሰው ወደዚያው አቅጣጫ ይሄዳሉ፤ አያቴም ከእነሱ ጋር ትደባለቃለች። ሳምንት ሳይሞላት ያን ዳገት ሳታነክስ መውጣት ጀመረች። ወይዘሮ ኡርሱላ ይሄ እንዴት ያምልጣት!

«አንቺ ቼሎ፣ ነይ እስቲ» አለችኝ። ገላዋ ላይ የተቀባችው ዘይት ይሸታል። «የአያትሽ ጉልበት ምን አገኘው? ምን መድኃኒት ነው? ለኔ እንዳትደብቂ፤ የኔን ጉልበት እያየሽው።»

ጉልበቷን አየሁት። ሁለት ዳቦ የሚያህል ነበር።

«መድኃኒት አይደለም» አልኳት። «ግን ለማንም አይናገሩ።»

«እኔ? እኔ እኮ መቃብር ነኝ!»

«አያቴ ቅድስት እየሆነች ነው።»

ልትስቅ ነበር። ከዚያ ስለ ጸጉሩ፣ ስለ ጨዉ፣ ሳልሞት ሊቀብሩኝ ነው ስላለችው፣ ወደ ቄስ ቤት ስለመግባቷ አንድ በአንድ ነገርኳት። ሳቋ ቀስ እያለ ከፊቷ ጠፋ። እኔም ንግግሬ እንዲህ ሰው ሲይዝ አይቼ አላውቅም ነበርና ትንሽ ጨመርኩበት፤ አንድ ሽታ፣ አንድ የሰማይ ዜማ።

«በረከቷን... አንድ ነገሯን ማግኘት ይቻላል?» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ትንሽ ብትሆን። ጉልበቴ ላይ የማስራት።»

ጣት መቁረጥ ለጊዜው የማይሆን ነገር ነው። የአያቴ ካልሲ ግን ቪሴንታ ግቢ ውስጥ ገመድ ላይ ተሰጥቶ ነበር። በእናቴ የጥፍር መቀስ አንዱን ከላይ እስከ ቁርጭምጭሚት ከተከትኩት። የመጀመሪያዋ እራፊ ለወይዘሮ ኡርሱላ ሆነች፤ በምትኩ ለእኔና ለጎዮ አይስክሬም ገዛችልን። ሌላዋ በደረቀ የባሕር ፈረስ ተለወጠች፤ ሌላዋ ባለ ቀዳዳ ኳስ አመጣች። እስከ ማታ ድረስ በዚያ ዳርቻ ከነበሩት ልጆች ግማሾቹ ጥቁር እራፊ አንገታቸው ላይ አስረው ይዋኙ ነበር። አባቴ «የምን ማኅበር ነው ይሄ?» ብሎ ጠየቀ።

አያቴ ማታ ካልሲዋን ስታነሳ የቀራት እንደ ሕፃን ካልሲ ያለ ነገር ነው። ገልብጣ አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ።

«አይጥ ነው?» አለችኝ።

«ሊሆን ይችላል።»

«መቀስ ያላት አይጥ» አለችና ካልሲውን አጥፋ አስቀመጠችው። የማረችኝ በሆዷ እየሳቀች እንደሆነ የገባኝ በጣም ቆይቶ ነው። እናቴ ግን ሁሉንም ታውቅ ኖሯል። የአያቴን የውስጥ ልብስ የምታጥበው እሷ ናት፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከውስጡ አሸዋ ስታራግፍ ለአባቴ ትንፍሽ አላለችም።

በማግስቱ ምሳ በላን። አያቴ ደርድራ አስተኛችን፣ ጉንጫችንን ነካ ነካ አደረገችና ሄደች። በአንድ ዓይኔ እንዳየሁት፣ እሷ ከመሄዷ ወይዘሮ ኡርሱላ እራፊዋን ጉልበቷ ላይ አስራ፣ ሦስት ሴቶች አስከትላ፣ መቁጠሪያ በእጇ ይዛ ተነሳች። ቅድስቲቱን በጸሎት ላይ እንዳለች ሊያዩ ነው። በጣም ኮራሁ። ያኔ ያላወቅሁት፣ ቤተ ክርስቲያኗ በዚያ ሰዓት ተቆልፋ ጠባቂዋ እንደኛው ተኝቶ የሚያንኮራፋ መሆኑን ነው። ሴቶቹ በሩን ገፉት፣ አንኳኩ፣ ከዚያ በትልቁ የግንብ አጥር በኩል ወደ ታች ተመለከቱ።

መጀመሪያ ጩኸቱ እኛ ጋ ደረሰ፤ ከዚያ ወይዘሮ ኡርሱላ ራሷ እየተንከባለለች ደረሰች። ያ ጉልበት እንዴት እንደሮጠ አሁንም ይገርመኛል።

«ዶሮቴያ ሰጠመች! በዓይኔ በብረቱ! ከዓለቱ ሥር ውሃው ዋጣት!»

አባቴ ከእንቅልፉ እንዴት እንደተነሳ አላየሁም፤ ሲሮጥ ነው ያየሁት። በወደቡ በኩል ዞሮ፣ መረቦቹን ረግጦ፣ ሬንጅ የሚሸቱትን ጀልባዎች አልፎ፣ ከግንቡ ጀርባ ወዳለችው ጠጠራማ ጥግ። እኛም ተከተልነው። «እማዬ! እማዬ!» እያለ ይጮሃል፤ ድምፁ እንደ ጎዮ ድምፅ ቀጥኗል። አባቴ ዋና አይችልም። ያም ሆኖ ከነጫማው፣ ከነሱሪው ዘው ብሎ እስከ ወገቡ ገባ። ያኔ ፈራሁ። ቅዱሳን የሚሞቱ መሆናቸውን በዚያ ሁሉ ጣትና ጥርስ መካከል አላሰብኩትም ነበር። እያለቀስኩ «በኔ የተነሳ ነው፣ በኔ የተነሳ ነው» አልኩ፤ የሰማኝ የለም።

ውሃው ጸጥ አለ። ከዓለቱ ጀርባ ሦስት ጥቁር ነገሮች ብቅ ጥልቅ ሲሉ አየሁ፤ ዳክዬዎች መሰሉኝ። ቪሴንታና ጓደኞቿ ነበሩ፤ ከነሻሻቸው፣ እስከ አገጫቸው ተደብቀው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው። ከዚያ በሌላ በኩል፣ ማንም ባልጠበቀበት ቦታ፣ የአያቴ ራስ ከውሃው ወጣ። ሻሽ የለውም። ሽበቷ ተበትኗል። ውሃውን በረጅሙ ተፋችና፣ በእጆቿ እየቀዘፈች፣ ምንም ሳትቸኩል ወደኛ መጣች። በውስጥ ልብሷ ነበረች። አሥራ አምስት ሰው ጠጠሩ ላይ ቆሞ ያያታል። አባቴ አፉን ከፍቶ፣ ገና ውሃ ውስጥ ነው።

«እማዬ፣ ምን... ምን እየሆንሽ ነው?»

አያቴ አፏን ልትከፍት ስትል ወይዘሮ ኡርሱላ ጠጠሩ ላይ ተንበረከከች። በዚያ ጉልበት!

«ሰጥማ ነበር!» ብላ ጮኸች። «እዚያ ጋ ስትሰጥም አይቻታለሁ፤ በዚህ በኩል ባሕሩ መለሳት! ኧረ ወገን፣ ባሕሩ መለሳት!» ከኋላዋ ሦስቱም ሴቶች ተንበረከኩ። የእራፊው ማኅበር ልጆችም ተንበረከኩ።

አያቴ ወይዘሮ ኡርሱላን አየቻት። ጉልበቷ ላይ የታሰረችውን ጥቁር እራፊም አየቻት፤ ካልሲዋን መለየት አያቅታትም። ከዚያ እኔን ረጅም ጊዜ አየችኝ። በመጨረሻ እጇን ከውሃው አወጣችና፣ ቀስ ብላ፣ በጨዋ ደንብ አማተበች። አንዲት ቃል አልዋሸችም። ከዚያ ወደ አባቴ ዞረች።

«ፋውስቲኖ፣ ና ውጣ» አለችው። «ገና ሁለት ሰዓት አልሞላህም።»

አባቴም ወጣ። እናቴ ፎጣ ይዛ ሄደች፤ ፎጣውን ግን ፊቷ ላይ አድርጋው ነበር፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ። እያለቀሰች መሰለኝ።

ማታ ሁላችንም ሳርዲን እየበላን ሳለ አያቴ «ፓሌንሲያ አልሄድም» አለች። የዓሣውን አጥንት እየለየች ነው የተናገረችው። አባቴ «እናወራበታለን» አለ። አላወሩበትም። መንደራችን ስንደርስ ወሬው ቀድሞን ገብቶ ነበር፤ ሐዘንተኛ ሴት ራቁቷን ዋኘች የሚል ሳይሆን፣ ባሕር የመለሳት ሴት የሚል። አባቴ ደግሞ ከሁለቱ የትኛውን እንደሚመርጥ አልተቸገረም። በዚያው ሰሞን አባ ኤላዲዮ ከፓሌንሲያ ስልክ ደወለ። መስበኪያ ላይ እንደቆመ ስለሚጮህ ሁላችንም ሰማነው።

«ፋውስቲኖ፣ ልጄ፣ እኔ ደካማ ሰው ነኝ! እሷን ላስገባ? በረከት ፈላጊው ደጄ ላይ ተሰልፎ ምሳዬን ማን ይሠራልኛል? እዚያው ትቀመጥ፣ በቤቷ፣ በሰላም!»

አያቴ ባቄላ መፈልፈሏን አላቆመችም። አንዲት ፍሬ ግን አንስታ ወደኔ ወረወረች፤ ግንባሬ ላይ አረፈች።

ከዚያ በኋላ በራሷ ቤት፣ መስኮቷን ከፍታ፣ በደንብ እስክታረጅ ኖረች። በየዓመቱ ነሐሴ ሲመጣ ቪሴንታ ጋ ትሄዳለች፤ እኔንም ጎዮንም ይዛ። ከምሳ በኋላ አስተኝታን ትጠፋ ነበር፤ እኛም ምን እንደምታደርግ ከገባን በኋላ እንኳ፣ ለክብሯ ስንል ዓይናችንን እንጨፍናለን።

የተቀበረች ቀን፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ለቅሶ ሲደርሱን ከነበሩት መካከል ምርኩዝ የያዙ፣ ጉንጫቸው ቲማቲም የመሰለ ሽማግሌ እጄን ጨበጡኝ።

«እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ኢሲድሮ እባላለሁ፤ የአክስቷ ልጅ ነኝ።»

እኔና ጎዮ ተያየን።

«የትኛው ኢሲድሮ?» አልኩ።

«ሌላ ኢሲድሮ የላትም።»

ጎዮ የሁለት ልጆች አባት የሆነ ሰው ነው፤ ግን አፉ አመለጠው። «እርስዎ እኮ ሞተዋል» አላቸው።

«መቼ?»

«ከምሳ በኋላ። ሐብሐብ በልተው፣ ዱዌሮ ገብተው።»

ሽማግሌው ምርኩዛቸውን ተደግፈው ሬሳ ሣጥኑን አዩት። ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። በዚህ ጊዜ ግን አልተሳሳትኩም፤ የሚስቁ መሆናቸው ገብቶኛል።

«አይ ዶሮቴያ!» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ሐብሐቡን የበላችው እሷ ናት፤ ግማሹን ለብቻዋ። ከዚያ ቀሚሷን ላዬ ላይ ወርውራ ወንዙን እስከ ማዶ አቋርጣ ተመለሰች። እኔማ እስከ ዛሬ ዋና አልችልም። ዳር ቁጭ ብዬ ልብሷን እጠብቅ ነበር፤ አዋቂዎቹ ተኝተው ነበራ።»